«መጣሁ» ባዩ ቱርቦ

ተረት ልንገራችሁ? «ንገረን» በሉ እንጂ፣ ለግድግዳ አላወራም! እንዲያ ነው።

በድሮ ጊዜ፣ መኪና አፍ በነበራት፣ እንስሳ መሪ በሚጨብጥበት ዘመን፣ እመት ጦጢት የምትባል ጦጣ ነበረች። ዳማ የምትባል መኪናም ነበረቻት። በገዛ እጇ ፈትታ በገዛ እጇ የገጠመቻት ናትና እንደ ልጇ ትሳሳላታለች። ዳማ ሜዳ ላይ ነፋስ ናት፤ ዳገት ላይ ግን ትንፋሽ ያጥራታል።

በዚያው አገር አያ ጅቦ ነበር፣ ሥራው ቆራሌ። አህያ በምትጎትተው ጋሪ እየዞረ «ቆራሌው! ቆራሌው!» እያለ አሮጌ ብረት ይለቅማል። ዳማን ባየ ቁጥር ምራቁን ይውጣል።

«እመት ጦጢት፣ ይቺ ነገር መቼ ነው ለኔ የምትሆነው?» አላት አንድ ቀን።

«አፍህን ያዝ! ዳማ ጋሪህን አቧራ ታቅመዋለች!»

«እንወዳደራ! ሦስት ቅዳሜ፣ የገበያውን ዳገት። መጀመሪያ ካሸነፍኩ ወንበሮቿን፣ ሁለተኛ ካሸነፍኩ በሮቿን፣ ሦስተኛ ካሸነፍኩ ራሷን እወስዳለሁ። አንዴ ካሸነፍሽ የወሰድኩትን ሁሉ እመልሳለሁ፣ በደጅሽም አላልፍም።»

ጦጢት ምላሷ ይቀድማታል። «እሺ!» አለች።

«ኧረ እኔን ማን ጠየቀኝ?» አለች ዳማ፤ የሰማት የለም።

አህያ ምን ያህል ልትሮጥ ነው እንዳትሉኝ። ከኋላችሁ ጅብ ቢቀመጥ እናንተም ትበሩ ነበር!

ጦጢት ወደ እመት ኤሊ የመለዋወጫ ሱቅ ሮጠች። «ቱርቦ ስጪኝ» አለች። ቱርቦ ማለት የሞተር ወናፍ ነው፤ ሞተሩ በሚተፋው ጭስ እየተሽከረከረ መልሶ አየር ይነፋለታል፣ ሞተሩም ይጎለብታል።

«መንገድሽ እንዴት ያለ ነው?» አለች ኤሊ።

«መንገዱን ተዪው! ትልቁን ስጪኝ።»

ትልቁ ቱርቦ ጋን ያክላል። «እኔን ይዞ የተሸነፈ የለም!» እያለ ደረቱን ነፋ።

ቅዳሜ ደረሰ። የገበያው ዳገት መታጠፊያ በመታጠፊያ ነው። ጦጢት ነዳጅ ረገጠችና «ንፋ!» አለችው።

«መጣሁ!» አለ ትልቁ ቱርቦ።

«መጣሁ» ብሎ የወጣ ሰው መቼም ታውቁታላችሁ። ምሳ ቀርቦ፣ ሰው እጁን ታጥቦ፣ ወጡ እስኪረጋ ይጠበቃል። ቱርቦውም እንዲያው ነበር። ሆዱ ትልቅ ነውና የዳማ ጭስ እስኪያዞረው ዘመን ይፈጃል። ዞሮ ዞሮ ሊነፋ ሲል መታጠፊያው ይደርሳል፤ ጦጢት ፍሬን ትይዛለች፤ እንደገና «መጣሁ!» አህያዋ በሶምሶማ አለፈቻቸው። ጅቦ ወንበሮቹን ነቅሎ ጫነ።

ጦጢት ተመልሳ ሱቅ ሄደች።

«መንገድሽስ?» አለች ኤሊ።

«ተዪኝ እባክሽ! ያን የሚያፏጨውን ስጪኝ። ድምፁ እንዴት ደስ ይላል!»

በሁለተኛው ቅዳሜ ቱርቦው «ፊሽሽሽ!» ሲል ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ አጨበጨበ።

«ንፋ!» አለች ጦጢት።

«እያፏጨሁ አይደል? አልሰማሽም እንዴ?»

ፉጨት ብቻ፣ ጉልበት የለም። ጅቦ በሮቹን ነቅሎ ሄደ።

ጦጢት የዳማ ባዶ ወለል ላይ ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። «ዳማዬ፣ በገዛ እጄ ገደልኩሽ» አለች።

«ገና አልሞትኩም። ቱርቦውን የሚያዞረው የማን ትንፋሽ ነው?» አለች ዳማ።

«ያንቺ።»

«ታዲያ ምነው አንዴ ለጅቦ ማስፈራሪያ፣ አንዴ ለሰፈር ማስጨብጨቢያ ትመርጪልኛለሽ? ለኔ ልክ የሚሆነኝን ፈልጊልኝ።»

ጦጢት አፈረች። እንባዋን ጠርጋ ሱቅ ሄደች።

«መንገድሽስ?» አለች ኤሊ። ይቺ ኤሊ አይታክታትም!

«ጠመዝማዛ ዳገት ነው። ዳማም ሞተሯ ትንሽ፣ ትንፋሿ አጭር ነው።»

«ተመስገን! ቀድመሽ ይሄን ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» ብላ ከመደርደሪያው ሥር ብርጭቆ የሚያክል ቱርቦ አወጣች።

«አንተስ ምን ትላለህ?» አለችው ጦጢት።

«አለሁ» አለ።

«ሌላስ?»

«አለሁ።»

በሦስተኛው ቅዳሜ ጅቦ ዳማን የሚጎትትበትን ገመድ ይዞ መጣ። ጦጢት ነዳጅ ረገጠች።

«ንፋ!»

«አለሁ!» አለ ትንሹ ቱርቦ፣ ወዲያውም ነፋ። መታጠፊያ መጣ፣ ፍሬን ያዘች፣ ለቀቀች፤ «አለሁ!» ሌላ መታጠፊያ፤ «አለሁ!» ዳማ ደግሞ ወንበር የላት፣ በር የላት፣ ጅቦ ራሱ አቅልሏታል! ዳገቱን ወጥታ ስትቆም ጋሪው ገና ከታች አቧራ ይቅማል።

«በል፣ ወንበሮቼንና በሮቼን!» አለች ጦጢት።

«ቤት ናቸው» አለ ጅቦ፣ ጋሪውን እያዞረ። «መጣሁ!»

ጦጢት ሳቀች። «ኧረ አይሆንም፣ አያ ጅቦ! ይቺን ቃል ጠንቅቄ አውቃታለሁ» ብላ ዳማን አስነሳች። ቁልቁል፣ በየመታጠፊያው፣ ከኋላ ከኋላው ተከትላ ቤቱ ድረስ ሄደች። አንድም ሳይጎድል አስመለሰችው።

ለዚህ ነው «መጣሁ ከሚል ትልቅ፣ አለሁ የሚል ትንሽ» የሚባለው።

ተረቴ እዚህ ላይ ፍሬን ያዘች። አፌ ደርቋል፤ የማብስበት ዳቦ የታለ? ደግሞ «መጣሁ» እንዳትሉኝ!