ከግድቡ ሥር የወጣው ጥቁር ውሃ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው ኩሬ መጠበቅ። ሳቂ እንግዲህ፣ እንጉዳይ! ኩሬ ምን ይጠበቃል፣ እግር አውጥቶ አይሄድ! ግን የጥያቄሽ መልስ እዚያ ኩሬ ውስጥ ነውና ታገሺኝ። «ባሌ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ እንደወረደ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ይሄን ናፍቆት በምን ልግደለው?» ነው ያልሽው። ሰው ለዚህ መድኃኒት አዋቂ ቤት ይሄዳል፤ አንቺ ወሬኛ ቤት መጣሽ። እንግዲህ የመጣሽበትን ስሚ።

ኩሬውን ያስገደበው አንድ ባለጠጋ ነው። ለመስኖ አይደለም፣ ለወፍጮ አይደለም፤ ለጨዋታ! በሁለት ኮረብታ መሀል አፈር አስከምሮ ወንዟን አስቆመና ታንኳ አንሳፈፈባት። እሱ ሲሞት ልጆቹ ከተማ ገቡ፤ ግድቡ ለአገሬው ቀረ። መስከረም ሲጠባ ጎረምሳው ሁሉ እየመጣ ይዋኝበታል፤ ቆነጃጅቱ ዳር ዳሩን ይዘው ይዘፍናሉ። ከዘፈኑ ብዛት እንቁራሪቶቹ እስክስታ ለምደው ነበር አሉ። አንዷማ ሠርግ ተጠርታ ሄዳለች።

ጠባቂው በዚያ ኩሬ ዳር ከሚስቱ ጋር ኖረ። ሚስቱ ሥራዋን ስትጨርስ የምትቀመጥባት አንዲት ጠፍጣፋ ድንጋይ ነበረች። እዚያች ላይ ሆና እግሯን ውሃ ውስጥ ትነክርና በጣቶቿ ውሃ እየረጨች ባሏን ትሰድበዋለች። ስድቧ ከማር ይጣፍጠው ነበር። በኋላ ሴትዮዋ ታመመችና ሞተች።

ሰውዬው አላለቀሰም። ለቅሶ ሊደርሱት የመጡትን ሰዎች ስለ ኩሬው ጥልቀት ሲያወራላቸው ውሎ ሸኛቸው። አንድ ሽማግሌ «አልቅስ እንጂ፣ ልጄ» ቢለው፣ «ምን አስለቀሰኝ፣ ውሃ እንደሆነ ሞልቶልኛል» አለ። አገሩም ጎበዝ ብሎ አደነቀው። አገር አንዳንዴ የሚያደንቀውን አያውቅም።

ግድብ እንደ ሰው ያረጃል። ጀርባው ይጎብጣል፣ ጎኑ ይሰነጠቃል፣ ፍልፈል ይጫወትበታል። ይሄ ግድብ ከጫፉ ላይ ማስተንፈሻ ነበረው፤ በክረምት የተረፈው ውሃ እየፈሰሰ ወደ ወንዙ የሚወርድበት መውጫ ማለት ነው። ማስተንፈሻው በዘመን ብዛት ተሸርሽሮ ዝቅ አለ። እሱ ዝቅ ሲል ኩሬውም አብሮት ዝቅ አለና ከዚያች ጠፍጣፋ ድንጋይ ራቀ። ድንጋይዋ ደረቅ መሬት ላይ ቀረች።

ሰውዬውን ናፍቆት የያዘው ያን ጊዜ ነው። በየማለዳው እየሄደ ያያታል። ውሃ ሲርቃት ጊዜ ድንጋይ ብቻ ሆነች። እንደ ድሮው ውሃው ቢነካት፣ ያ ጠብ ጠብ የሚለው ድምፅ ቢመለስ ብሎ ተመኘ። ሚስቱ እንደማትመለስ ያውቃል፤ ሞኝ አይደለም። ቢሆንም ለእግሯ የሚሆን ውሃ ይዞ መቆየት አማረው። እና ምን አደረገ? ማስተንፈሻውን ደፈነዋ! ድንጋይ ደረደረ፣ ጓል ከመረ፣ ሣር ጎሰጎሰ፤ የአይጥ ትንፋሽ እንዳታልፍ አድርጎ ዘጋው።

ክረምት ገባ። ውሃው ከፍ አለ፣ ከፍ አለና አንድ ቀን ድንጋይዋን ላሳት። ሰውዬው አጠገቧ ቁጭ አለ። በሬው ጠፍቶበት አልፈለገም፤ ቤቱ ሲያፈስ አልከደነም፤ ጢሙ ከማደጉ የተነሣ ወፍ ጎጆ ልትቀልስበት ሽማግሌ ልካ ነበር። ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። የሚሰድበው ግን የለም።

ከግድቡ በታች ጎመን የምትተክል ሴት ነበረች፤ የልጆች እናት፣ ምላሷ ከመጥረቢያ የሚስል። አንድ ማለዳ በጣሳ ውሃ ይዛ ወጣች።

«አባቴ፣ ይቺን ይዩልኝ» አለችው። «ከግድቡ ሥር የምትመነጨዋ ናት። ድሮ ጥርት ያለች ነበረች፤ እንጠጣት ነበር።»

አየ። ውሃው ጥቁር ነው።

«ዝናብ ነው ያደፈረሰው» አላት።

«ዝናብ! የዚህ አገር አፈሩ ቀይ፣ ጎርፉ ቀይ፤ የኔ ልጆች ታጥበው እንኳ ቀይ ናቸው። ጥቁሩን ከየት አመጣው? ዝናቡ ከሰል መነገድ ጀመረ?»

«በይ እሺ፣ ነገ ወርጄ አየዋለሁ።»

«ነገማ እኛ የለንም! ከነጎመናችን ሱዳን ገብተን ነው የሚያገኙን። እስቲ ይቅመሱት።»

ቀመሰው። አፈሩ ምላሱ ላይ ሲያርፍ አወቀው።

ግድቡ ሲሠራ ውሃ እንዳያሳልፍ ተብሎ ከሩቅ ሜዳ መረሬ የሚሉት ጥቁር አፈር እየተጫነ ሆዱ ውስጥ ተጠቅጥቆበታል። ጭቃውን የረገጡት የአገሩ ወጣቶች ናቸው፤ ወንዱ ባንድ ረድፍ፣ ሴቱ ባንድ ረድፍ፣ ፊት ለፊት እየተያዩ፣ እየዘፈኑ። ሰውዬው ያኔ ጎረምሳ ነበር። ፊት ለፊቱ የምትረግጥ አንዲት ልጅ «አንተ! ጭቃ ነው እኮ፣ እሾህ አይደለም፤ ረገጥ አድርገው እንጂ!» ብላ ሰደበችው። ሚስቱ የሆነችው እሷ ናት። እንግዲህ የእግሯ ዳና ያለው ግድቡ ሆድ ውስጥ ነው። እሱ ለእግሯ ውሃ ላቆይ ሲል፣ ውሃው መውጫ ቢያጣ በሥር እየቦረቦረ ያን ዳና እያጠበ ይወስደው ኖሯል። ዳናውን ሲጨርስ ደግሞ ግድቡን ይንድና የጎመን ተካይዋን ልጆች ያስከትላል።

ሰውዬው ማስተንፈሻው ላይ ወጣና በገዛ እጁ የደረደረውን ይነቅል ጀመር።

«ኧረ ቀስ፣ አባቴ!» ብላ ጮኸች ሴትዮዋ። «ባንዴ ከለቀቁትማ በዚያም ሞት፣ በዚህም ሞት!»

ልጆቿን ወደ ኮረብታው አስወጥታ ተመለሰችና አብራው ነቀለች። መጀመሪያ ጓሉን፣ ከዚያ ድንጋዩን፣ ውሃው በልኩ እንዲወርድ እያደረጉ ዋሉ። ኩሬው ዝቅ እያለ ሄደ። ውሃው ከጠፍጣፋዋ ድንጋይ ሲለይ ሰውዬው ቆሞ አየ። ያን ጊዜ አለቀሰ። ምን ዓይነት ልቅሶ! ዓይኑና ማስተንፈሻው ተፎካክረው ወረዱ፤ ጎመን ተካይዋ «እርሻዬን በጨው አቃጠሉት» ብላ ዳኛ ልትጠራበት ምንም አልቀራት።

ከግድቡ ሥር የምትወጣው ውሃ እያደር ቀጠነች፣ ጠራችም። በጋ ሲሆን አገሬው ኩሬውን አጉድሎ የተቦረቦረውን ቆፈረ፤ ከዚያው ሜዳ መረሬ አምጥቶ፣ ወንድና ሴት ፊት ለፊት ቆሞ እንደገና ረገጠው። ኩሬው ትንሽ አነሰ እንጂ ዛሬም ይዋኝበታል። የሰውዬው ናፍቆትስ? ያው አለ። ደረቋ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና ላለፈ ላገደመው ሁሉ የሚስቱን ስድብ ይተርካል። አንዳንዱ ስድብ ለጆሮ ይከብዳል፣ ግን ያስቃል።

እንግዲህ እንጉዳይ፣ በምን ልግደለው አልሽ። ለምን ትገድይዋለሽ? ልብሽ ግድብ ነው፤ ናፍቆቱ ውሃ ነው። ውሃ ባይዝ ምን ግድብ ይባላል! መያዝሽ አይጎዳሽም፤ የሚጎዳሽ መውጫውን መድፈንሽ ነው። ደግሞ ደፍነሻል። ቤትሽ ውስጥ የባልሽን ስም የሚጠራ የለም፤ እናቱ እንኳ አንቺን ፈርተው ልጃቸውን በሆዳቸው ነው የሚጠሩት። ሰውም «ጠንካራ ሴት» ይልሻል። ትናንት ግን ልጅሽ ቅል ሰበረ ብለሽ፣ አገር የሰበረ ይመስል ስትጮኺበት ከተራራው ማዶ ተሰማ። ጥቁሩ ውሃ ያ ነው። ከግድቡ በታች ያለው ደግሞ ልጅሽ ነው።

በይ ሂጂና አባቱ እንዴት እንደሚስቅ ንገሪው። ረሳሁት እንዳትይ! ያንቺ ባል ሲስቅ ገለባ ያነቀው ፈረስ ነው የሚመስለው። አንዴ ገበያ መሀል ቢስቅ የሰው በቅሎ ሁሉ ደንብራ ገበያው ሳይቆም ተበተነ፤ አንቺም እዚያው ነበርሽ፣ በነጠላሽ ፊትሽን ሸፍነሽ «አላውቀውም፣ የኔ ባል አይደለም» ስትይ…

ይኸው ሳቅሽ። ይኸው ደግሞ… ተይው፣ አትጥረጊው። ይውረድ።