የዕድሩ ተሳቢና አራቱ ቀዳዳዎች

«ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባላል። አባባሉ የቆየ ነው፤ ያላወቀውን ሥራ የጀመረ ሰው ሲወድቅ ማንም ተነሥቶ የሚወረውርበት እርሱን ነው። ከጣርማ በር ቁልቁለት ግርጌ ባለች አንዲት ከተማ ግን በዕድሜ ከዚህ የሚያንስ ሌላ ተረት አለ። በሽምግልና ላይ ይጠቀሳል፤ በጉባኤ ይጠቀሳል፤ ልጁን በማይሆን ነገር የሚቆጣ አባትም ይነገርበታል። የተወለደው ከአንድ አሮጌ የጭነት ተሳቢ ሆድ መሆኑን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እነርሱም ታሪኩን ሲጀምሩ አስቀድመው «ሥራው ከፍቶ አይደለም» ይላሉ።

አቶ እንግዳወርቅ ደምሴ በእርግጥ የብረት ባለሙያ አልነበሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት በወረዳው ፍርድ ቤት የመዝገብ ቤት ሹም ሆነው ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ጃኬታቸውን እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው ነበሩ። የከተማው ዕድር ዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍም ሃያ ዓመት በእጃቸው ኖሯል። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሮቹና ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡበት ቤት ለመንገድ ማስፋፊያ በፈረሰ ጊዜ ጉባኤው ምን እናድርግ ብሎ ተጨነቀ። አቶ እንግዳወርቅ ተነሥተው ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ አራት ዓመት ዶሮ ያደረበትን ዝግ ተሳቢ እንግዛ አሉ። ግድግዳና ጣሪያ አለው፣ እንደ ቤት ይቆለፋል፣ ሐዘን ቤት ድረስም በጎማው ይሄዳል ሲሉ አስረዱ።

«ጋሽ እንግዳወርቅ፣ ያ እኮ ወንፊት ነው» አሉ የዕድሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል። «ጋራዥ ብናስገባው ጋራዡ ራሱ ያዝንልናል።»

«ጋራዥ አያስፈልገውም። እኔ ራሴ አድሰዋለሁ።»

«እርስዎ?»

«እኔ። ሐምሌ ሳይገባ ይደርሳል። ድንኳኑን አንዲት ጠብታ ብትነካው ቁልፉን በዚሁ ጉባኤ ፊት አስረክባለሁ።»

ከኋላ አንድ ሰው «ቃለ ጉባኤ ይያዝልን» አለ። ተያዘ።

አቶ እንግዳወርቅ ቃላቸውን እንደ ፍርድ ቤት ቀጠሮ አከበሩ። ከሚያዝያ ጀምሮ በየማለዳው ተሳቢው ዘንድ ሄደው ዝገቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቁ። የበሰበሰውን ላሜራ ቆርጠው አዲስ በየዱበት፤ ብየዳውን ከአንድ የሙያ ትምህርት ቤት መጽሐፍ እየተማሩ ስለ ነበረ በመጀመሪያው ሳምንት ዓይናቸው ተቃጥሎ ሁለት ቀን ድንች እየቆረጡ ለጠፉበት። የጎማዎቹን ኩሽኔታ አውጥተው አጠቡ፣ አዲስ ግራሶ ሞሉት። የላላውን የበር ማጠፊያ ለወጡ። ድንኳኑ ወለሉን እንዳይነካ ከሥሩ የእንጨት ርብራብ አነጠፉ። ሥራው ንጹሕ ነበር፤ ይህን ጠላታቸውም አይክደውም።

የሚያማርራቸው ሥራው አልነበረም፤ አባሉ ነው። በዕድር ንብረት ላይ አባል ሁሉ ባለቤት ነውና ያለፈ ያገደመው ሁሉ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል። አንዱ ብየዳው ወፈረ ይላል፤ ሌላው ሣሣ ይላል። ስለ ቀለሙ ብቻ አንድ ሰዓት ተኩል ተከራከሩ። ጥቁር ሟርት ነው ተባለ፤ ነጭ አምቡላንስ ያስመስለዋል ተባለ፤ በመጨረሻ ማንም ያልፈለገው ግራጫ ጸደቀ። አቶ እንግዳወርቅ በማግስቱ ከተሳቢው በር ላይ አንድ ወረቀት ለጠፉ፤ በዚያ በሚያምር የመዝገብ ቤት ጽሕፈታቸው «መዶሻ ሳይዙ መምከር ክልክል ነው» ይላል።

በሦስተኛው ቀን ጋሽ ጥላዬ መዶሻ ይዘው መጡ። ጋሽ ጥላዬ በአሰብ መንገድ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው።

«ይኸው ይዣለሁ» አሉ። «አሁን ልምከር?»

«ይምከሩ፣ ጋሽ ጥላዬ» አሉ አቶ እንግዳወርቅ፣ ብሩሻቸውን ሳያስቀምጡ።

«ጣሪያው ከፊት በኩል ስፌት አለው። ይሄ ዓይነት ተሳቢ ሁልጊዜ የሚከዳው እዚያ ነው። በቀትር ውስጡ ግባና በሩን ዝጋው። ብርሃን ያየህበትን ቦታ ሁሉ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ዛሬ ብርሃን ባሳለፈው ነገ ውኃ ያልፍበታል።»

«ጣሪያውን ሁለት እጅ ቀብቼዋለሁ።»

«ቀለም ልብስ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም።»

ምክሩ እውነተኛ ምክር ነበር። ነገር ግን በዚያ ሳምንት የመጣ አርባኛ ምክር ነበርና አቶ እንግዳወርቅ እንደ ሠላሳ ዘጠኙ ሰሙት። «እሺ፣ አስብበታለሁ» አሉ፤ አላሰቡበትም።

ሰኔ ሃያ አራት ቀን ድንኳኑ ተጭኖ በሩ ተዘጋ። ቁልፉ ላይ ክር ታሰረ፤ በክሩ ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጠፈ። የዕድር ግምጃ ቤት ያለ ሞት አይከፈትም። ይህ ከአባቶች የመጣ ልማድ ነው፤ ሰው ሳይሞት ድንኳን የገለጠ ሞትን ወደ ሰፈሩ ጠራ ይባላል። አቶ እንግዳወርቅ ደግሞ ልማዱን የመተዳደሪያ ደንቡ አንቀጽ ዐሥራ አራት አድርገው በገዛ እጃቸው ጽፈውታል፦ አባል ሐዘን ሲደርስበት፣ ሦስት የኮሚቴ አባላት ባሉበት ብቻ።

ከሦስት ቀን በኋላ ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። አቶ እንግዳወርቅ በማለዳ መጥተው ጎንበስ ቢሉ ከተሳቢው ወለል ሥር ውኃ ይንጠባጠባል። በወለሉ አራቱም ማዕዘኖች ላይ ጣት የምታህል አንዳንድ ክብ ቀዳዳ እንዳለች ቀድሞም አይተዋል፤ የቀድሞው ባለቤት ለአንድ ጉዳይ የበሳቸው መስሏቸው ትተዋቸው ነበር። አሁን ከአንደኛው ጠብ፣ ጠብ ይላል። ጆንያ አንጥፈው ከሥሩ ገቡና በሬንጅ ደፈኑት። በማግስቱ በሁለተኛው ፈሰሰ። እርሱንም ደፈኑ። በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያው ሬንጁን ገፍቶ ጣለና በሦስት በኩል ወረደ።

ጋሽ ጥላዬ ሲደርሱ የሚታየው የአቶ እንግዳወርቅ ጫማ ብቻ ነበር።

«ምን እያደረግህ ነው፣ እንግዳወርቅ?»

«ያፈሳል» አሉ ከሥር። ድምፃቸው የተቆጣ ሰው ድምፅ ነበር።

«ክፈተውና እየው።»

«ማን ሞቶ?»

«ማንም አልሞተም።»

«እንግዲያው በአንቀጽ ዐሥራ አራት…»

«አንቀጹን የጻፍከው አንተው።»

«ስለ ጻፍሁት ነው የማልጥሰው።»

«ካልሆነ ጣሪያው ላይ ውጣ።»

«ጋሽ ጥላዬ፣ ውኃው የሚወጣው ከዚህ ነው። እኔም ያለሁት እዚሁ ነው። ፊቴ ላይ እየወረደ ጣሪያ ይሉኛል?»

«ዝናብ ከመሬት ወደ ሰማይ ይዘንባል የሚል በየትኛው መዝገብ አገኘህ?»

አቶ እንግዳወርቅ ከሥር ወጡ። ግንባራቸው በሬንጅ ጠቁሯል፤ ከጃኬታቸው ቁልፍ አንዱ ተበጥሷል። ጭቃውን ሳያራግፉ ቀረብ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትናንት የወይዘሮ ዘርፈሽዋልን ፈቃድ ልጠይቅ ወጥቼ ከመንገድ ተመለስሁ። እናታቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ሰንብቶባቸዋል። ዛሬ ይህን በር ብከፍት፣ ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ በዚህ ከተማ ምን ይባላል? ሴትዮዋ ሳይሞቱ እንግዳወርቅ ድንኳን ዘረጋላቸው አይባልም?»

 ጋሽ ጥላዬ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ይባላል» አሉ። «እውነትህን ነው፤ ይባላል።» ስለ ጣሪያውም ስለ በሩም ዳግመኛ አልተናገሩም።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ እንግዳወርቅ ነገሩን ሊጨርሱት ቈረጡ። ለአራቱም ቀዳዳዎች ከመኪና ጎማ ክብ ክብ ቆርጠው፣ ከላሜራ ክዳን አበጅተው፣ እያንዳንዱን በቡሎን አጥብቀው አሰሩ። በላዩም ሬንጅ ለቀለቁት። ያ ሌሊት ዘነበ፤ የሚቀጥለውም ዘነበ። በማለዳ ከተሳቢው ሥር ያለው አፈር ደርቆ አቧራ ነበር። አቶ እንግዳወርቅ መዳፋቸውን አሳርፈው ደጋግመው አረጋገጡ፤ ከሚያዝያ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁርሳቸውን ተቀምጠው በሉ ይባላል። ለዐሥራ ስድስት ቀናት አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ሐምሌ ዐሥራ ስድስት ቀን የወይዘሮ ዘርፈሽዋል እናት ዐረፉ።

ጥሩምባ ተነፋ። ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ተሰበሰቡ፣ የእህል ነጋዴው ፒክአፕ ተሳቢውን ሊጎትት መጣ። አቶ እንግዳወርቅ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። መኪናው ትንሿን ዳገት ሲጀምር አቃሰተ።

«ጋሼ፣ ድንኳን ነው የጫናችሁት ወይስ ሲሚንቶ?» አለ ሾፌሩ።

አቶ እንግዳወርቅ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዞሩ። ከኋላቸው፣ መንገዱ በተንጋደደ ቁጥር፣ አንድ ነገር ከግድግዳ ወደ ግድግዳ ሲንቦጫረቅ ሰምተዋል። በሰሙበት ቅጽበት ሁሉም ነገር ገባቸው፤ ነገር ግን መኪናው ደርሶ ነበር፣ ሐዘንተኛውም ደጁን ሞልቶ በካፊያ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር።

ማኅተሙን ቆረጡ። በሩ ገና አንድ ስንዝር ሲከፈት የቀረውን ውኃው ራሱ ከፈተው። ቡናማ ጎርፍ በኮሚቴው ጫማ ላይ ፈሰሰ፤ በላዩ አንድ የድስት ክዳን እየተንሳፈፈ ወጣና ግቢው መካከል ሄዶ ተቀመጠ። የሳቀ የለም። ድንኳኑ ከርብራቡ ጋር ተጣብቆ አብጧል፤ ሻግቶ ይሸታል። ስምንት ጎረምሶች ሊያነሡት ሞክረው መልሰው ለቀቁት። ለቀስተኛው በእህል ነጋዴው የመኪና ሸራና ከየቤቱ በተዋሰ ላስቲክ ሥር ተጠጋግቶ ተቀመጠ፤ ያልበቃው በዝናብ ቆመ።

አቶ እንግዳወርቅ ቁልፉን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ወይዘሮ ዘርፈሽዋል ቀረቡ። ወይዘሮዋ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከተቀመጡበት ቀና ብለው ቁልፉን አዩት።

«በጉባኤ ፊት ነበር ያልሁት» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «ጉባኤው ግን ሁሉም እዚህ አለ።»

«ጋሽ እንግዳወርቅ» አሉ ወይዘሮዋ፣ በተሰበረ ድምፅ፣ «እናቴን ልቅበር። እባክዎ ዛሬ እርስዎንም አብሬ አላልቅስ።»

ከቀብር መልስ አቶ እንግዳወርቅ ለማንም ሳይናገሩ ተመልሰው ከተሳቢው ሥር ገቡ። በገዛ እጃቸው ያጠበቋቸውን አራት ቡሎኖች አንድ በአንድ ፈቱ። የቀረው ውኃ በአራት መስመር ወረደ፤ ወርዶ እስኪያልቅ አጠገቡ ቆመው አዩት። የተሳቢው ሠሪ ቀዳዳዎቹን የበሳቸው ለዚሁ ነበር፤ ክፍት ሆነው ሳለ ድንኳኑ ቢበዛ ጫፉ ረጥቦ ይሆናል። ከዚያ መሰላል አምጥተው ጣሪያው ላይ ወጡ። ከፊት በኩል፣ ከሁለቱ እጅ ቀለም ሥር፣ ስፌቱ ተላቅቆ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ከዳር እስከ ዳር ሄዷል። ጣታቸውን አሳርፈውበት ብዙ ቆዩ።

ሠልስቱ ያለ ድንኳን ወጣ። ድንኳኑ የደረቀው በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜ፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተዘርግቶ ነው። አንድ የማያውቃቸው የአውቶቡስ ሾፌር መኪናውን አቁሞ፣ ድንኳን በሐምሌ አጥር ላይ መሰጣቱ ገርሞት፣ «አባት፣ ምን ሆናችሁ ነው?» ቢላቸው፣ ከአጥሩ ሥር ከአቶ እንግዳወርቅ ጋር ሸራውን ሲያገላብጡ የነበሩት ጋሽ ጥላዬ ቀና ሳይሉ «ውኃ የገባበትን ትተን የወጣበትን ደፍነን ነው» አሉት።