ከባት ሥር ያለው ሥጋ

አንድ ንጉሥ በሩን የሚጠብቅ ላቀው የሚባል ዘበኛ ነበረው። ሥራው ከማለዳ እስከ ምሽት ሳይነቃነቅ መቆም ነው።

ሥራውን በጀመረ ሰሞን እግሩ እያበጠ ተቸገረ። አንድ ሽማግሌ ወጌሻ ባቱን ጨበጠና እንዲህ አለው፦ «ይህ በእጄ የያዝኩት ለሩጫ ነው። ከሥሩ ግን ሌላ ጠፍጣፋ ጡንቻ አለ። አያምርም፤ ማንም አያየውም። የሚያቆምህ እሱ ነው። በተኮማተረ ቁጥር ወደ እግርህ የወረደውን ደም ጨምቆ ወደ ልብህ ይመልሳል። ካልሠራ ደሙ እታች ይቀራል።»

«ምን ላድርግ አባቴ? ዘበኛ አይነቃነቅም።»

«ልብስህ መሬት ይነካ የለ? ተረከዝህን ትንሽ አንሣ፣ መልስ። ማን ያይሃል?»

ላቀው እንዲያ እያደረገ ዓመታት ቆመ።

አንድ ጊዜ የጎረቤት አገር ንጉሥ ሊመጣ ሆነና ለዘበኞቹ ከጉልበት የማያልፍ አዲስ ልብስ ተሰፋላቸው። እንግዳው በሚመጣበት ጠዋት ንጉሡ ባለሟሎቹን አስከትሎ ሲወጣ የላቀው ተረከዝ ከፍ ዝቅ ሲል አየ።

«አንተ፣ ወዴት ልትሄድ ነው?»

«የትም ጃንሆይ። መቆም እንድችል ነው።»

ንጉሡ ሳቀ። ባለሟሎቹም ሳቁ።

«ለመቆም የሚነቃነቅ ዛሬ አየሁ። እግሩ የሚነቃነቅ ልቡ ሄዷል። እንግዳዬ እስኪገባ ተረከዝህ ከመሬት ቢላቀቅ፣ ማታ ከነሚስትህ ከግቢዬ ትወጣለህ።»

ሚስቱ እርጉዝ ነበረች። ላቀው ተረከዙን መሬት ላይ ተከለ።

ፀሐይዋ በረታች። እንግዳው ዘገየ። የላቀው ከንፈር ነጣ፤ ላቡ አገጩ ላይ ተንጠባጠበ። ባለሟሎቹ አጠገቡ ቆመው ይህን ሁሉ ያዩ ነበር። በመጨረሻ መለከት ሲነፋ እንደ ተቆረጠ ግንድ ወደፊት ወደቀ። ግንባሩ የድንጋዩን ደረጃ መታው። አልተነሣም።

«አላልኳችሁም? ልቡ ሄዶ ነበር» አለ ንጉሡ።

ባለሟሎቹ አዎን ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። እነሱም ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ነበር። ግን መሬት በሚነካው ካባቸው ውስጥ ተረከዛቸው ሲነሣና ሲወርድ ነበር የዋለው።

ጸንቶ የቆመ የሚመስለን ሁሉ ከሥሩ በማይታይ እንቅስቃሴ የቆመ ነው። ያን እንቅስቃሴ የሚከለክል ሰው፣ ታማኝ ያገኘ ይመስለዋል፤ የሚያገኘው ሬሳ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን መድኃኒቱን በካባው ሸፍኖ ሌላው ሲወድቅ የሚያይ ነው።

አንተስ፣ ካባህ ምን ያህል ይረዝማል?