ዘንዶ የሚያሳድጉት ባላምባራስ

ባላምባራስ ጓንጉል ዘንዶ ያሳድጉ ነበር። አቤት ባይ ሲመጣ ዘንዶውን አንገታቸው ላይ ጠምጥመው ይቀበሉታል፤ ሰውየውም ደንግጦ አቤቱታውን ሳይጨርስ ይወጣል። አንድ ቀን መሬቷን የቀሟት ባልቴት መጥታ ፊታቸው ቆመች። ዘንዶው ምላሱን ቢያወጣባትም ንቅንቅ አላለችም። ባላምባራስ እንግዶቻቸው ፊት አፈሩና፣ «አንቺ! ለመሆኑ የምትፈሪው እኔን ነው ዘንዶውን?» ሲሉ አፋጠጧት። ዘንዶውን ብትል እሳቸውን መናቋ ነው፤ እሳቸውን ብትል ከአውሬ የከፉ ናቸው ማለቷ ነው።

ባልቴቷ እጅ ነሳች። «ጌታዬ፣ የዘንዶውስ አያያዝ ቀላል ነው፤ ሲርበው መራቅ ነው። አንድ ፍየል ከዋጠ ወር ሙሉ ሰው አይነካም። እርስዎ ግን የእኔን መሬት ከዋጡ ገና ሳምንት አልሞላዎትም፤ ትናንት ደግሞ የጎረቤቴን ሲያስለኩ አየሁዎ።»