ጅብ ያመሰገነው መቀርቀሪያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ትሉኛላችሁ። በረቱ በደንብ ይዘጋ አይዘጋ ግን ጠይቃችሁ አታውቁም። እንግዲያው ስሙ።

ድሮ፣ እንስሳት እንደኛ ብልህ በነበሩበት ዘመን፣ አለቃ ዝንጀሮ የሚባል እንጨት ጠራቢ ነበረ። የላሙም፣ የበጉም፣ የአህያውም በረት የሚዘጋው እሱ በጠረበው አንድ ዓይነት መቀርቀሪያ ነው። ገበያ ወጥቶ፣ «አያ ጅቦ ሳይቀር የመሰከረለት መቀርቀሪያ!» ብሎ ይጮሃል። አያ ጅቦም ከጎኑ ቆሞ፣ «እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ መዝጊያ አይቼ አላውቅም» ይላል። ገዢው ደስ ብሎት ይገዛል። ከጅብ የበለጠ ምስክር ከየት ይመጣል?

እሜት ፍየል ግን ሦስት ግልገሎች አሏት፤ የሦስት ግልገል እናት ነገር ቶሎ አይዋጥላትም። «ጅብ መዝጊያ የሚያመሰግነው ከመቼ ወዲህ ነው?» አለችና እንጨት የሚያውቀውን ምስጥን፣ ቀዳዳ የምታውቀውን አይጥን ጠራች።

«የሰው ደጅ አንነካም፤ የኔን በረት እንፈትሽ» አለቻቸው።

ምስጥ እንጨቱን ቀመሰ፤ ደህና ነው አለ። አይጥ ቀዳዳውን ለካች፤ ደህና ነው አለች። ፍየል ቢቸግራት መቀርቀሪያውን ራሱን ጠየቀችው፤ «አንተ፣ ምን ጎደለህ?»

«ተመስገን! የሚጠይቅ ተገኘ» አለ መቀርቀሪያው። «አለቃ እንጨት ለመቆጠብ ብሎ ጫፌን አንድ ጣት አሳጥሮኛል። በትከሻ ሦስቴ ከገፉኝ ሹልክ ብዬ እወጣለሁ። ወንድሞቼም ሁሉ እንዲሁ ናቸው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልክ?»

«ለማን ልንገር? ሁሉም ቀርቅሮኝ ይተኛል።»

ገፉት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፤ በሩ ቧ ብሎ ተከፈተ። ግልገሎቹ ሳቁ፤ እናታቸው ግን ፈጥና በሩን መልሳ ዘጋች።

«ገበያ መሃል እንለፍፈው!» አለች አይጥ።

«አንቺ፣ አንድ ጅብ የሚያውቀውን መቶ ጅብ እንዲሰማው? መጀመሪያ ለሠሪው፣ በጆሮው» አለቻት ፍየል።

ሄደች። «አለቃ፣ መቀርቀሪያህ ያጥራል።»

«ከገዙት አንድም የተማረረ የለም» አላት።

«የተበላ በግ መቼ ይማረራል?»

ምስጥን ይዛ ተመለሰች። «ቀስ በይ፣ ጅብ ይሰማል!» አላት ዝንጀሮ።

«ጅብማ ሰምቶ፣ አመስግኖህ ጨርሷል» አለው ምስጥ።

በሦስተኛው ከነአይጧ ሄዱ። ዝንጀሮ ተቆጣ። «መዝጊያ ስትነቀንቅ የምትውል ሌባ!» ብሎ ሸንጎ ፊት አቆማት። በጎቹ፣ በጅብ የሚበሉት እነሱው ራሳቸው፣ «ሌባ! ሌባ!» እያሉ አጨበጨቡለት። ከነግልገሎቿ ከመንደር ወጥታ ጫካ ትደር ተብሎ ተፈረደባት። የሸንጎው የክብር እንግዳ አያ ጅቦም፣ «ትክክለኛ ፍርድ!» አለ።

«እሺ፣ እወጣለሁ» አለች ፍየል። «ብቻ አለቃ አንዴ በረቴ ይግባና ይቀርቀርበት። ምስክሩ አያ ጅቦ ደግሞ በውጭ በኩል ይቁምልን። መቼም ጠንካራ መዝጊያ ነው፤ ምን ችግር አለው?»

«ኧረ ምንም ችግር የለውም!» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ።

ሸንጎው እያየው እምቢ ማለት አፈረና ዝንጀሮ ገባ። ተቀረቀረ። ጅቡ በትከሻው ገፋ፤ አንድ። ዝንጀሮ ጉሮሮውን ጠረገ። ሁለት።

«ሽብልቅ!» ብሎ ጮኸ ከውስጥ። «አንድ ጣት ያጥራል! ሽብልቅ አምጡ፣ በእናታችሁ!»

ምስጥ ቀድሞ ጠርቦት የነበረውን ሽብልቅ አይጥ በቀዳዳ አቀበለችው። ዝንጀሮ በገዛ እጁ ባጠረው ጫፍ በኩል ሰካው። ሦስተኛው ግፊት መጣ፤ በሩ ንቅንቅ አላለም።

«ምን ዓይነት የማይረባ መቀርቀሪያ ነው!» ብሎ አያ ጅቦ ትከሻውን እያሻሸ ሄደ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በአገሩ ያለ በረት ሁሉ ሽብልቅ ተሰካበት። ፍየልም ከነግልገሎቿ በመንደሯ ቀረች፤ ያገኘችው ምስጋና «ዳግመኛ መዝጊያ እንዳትነቀንቂ» የሚል ምክር ነበር። ዝንጀሮማ በሚቀጥለው ገበያ፣ «አዲሱ ባለሽብልቅ! በራሴ ጥበብ!» እያለ ሲጮህ ዋለ።

ጅብ ያመሰገነውን መዝጊያ ነቅንቀው፤ ጅብ የሰደበውን ቀርቅረህ ተኛ። ዳቦዬ ይቆየኝ፤ እናንተ መጀመሪያ ሄዳችሁ በራችሁን ሦስቴ ግፉ።