የአሳዳጁ ዋስ

አንድ አሳዳጅ ነበረ። ክርስትና ገና ከጓዳ ሳትወጣ፣ ሰው በሹክሹክታ በሚጸልይበት ዘመን፣ በአንዲት የባሕር ዳር ከተማ ክርስቲያኖችን እያደነ ለገዥው የሚያስር ሰው ነው። ሰነፍ አሳዳጅ ቢሆን ኖሮ ታሪኩን ባልነገርኩሽ ነበር፣ ልጄ። እሱ ግን ትጉህ ነበር፤ ጉቦ አይቀበል፣ በልመና አይበገር። እናቶች የሚያስቸግር ልጅ በስሙ ያስፈራሩ ነበር።

አንድ ቀን ማለዳ ወታደሮቹን አስከትሎ ከአንድ ቤት በር ላይ ቆመ። ልማዱ ነበር፤ በሩን የሚሰብረው ጸሎቱ ሲጋጋል ነው፣ ማንም መካድ እንዳይችል። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ሚስቱን በምጥ ተይዛ፣ ጭንቅ ላይ ትቷት ነበር የወጣው፤ ወሬውም ሰፈሩን ሞልቶታል። ከውስጥ አንድ ድምፅ፣ «ጌታ ሆይ፣ የአሳዳጃችን ሚስት ከትናንት ጀምሮ እያማጠች ነው፤ በሰላም ገላግላት» ይላል። ሌሎቹም «አሜን» አሉ። ሰውየው በሩን ሊመታ እጁን አነሣ፤ እጁ እምቢ አለው። ወታደሮቹን «ዛሬ ይቅር፤ ተመለሱ» አላቸውና እየሮጠ ወደ ቤቱ ሄደ። ሚስቱ ተገላግላ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አለንጋ ማንሣት አቃተው። ወታደሮቹም ነገሩን ለገዥው አደረሱ፤ ገዥው «ይያዝ» አለ። ሰውየው አራስ ሚስቱንና ሕፃኑን ለአማቱ አደራ ብሎ፣ ሲያሳድዳቸው ወደነበሩት ሰዎች ሄደ። ሌላ መሸሸጊያ አልነበረውም፤ ቢኖረውም የሚሄድ አይመስለኝም። የሚሰበሰቡት በአንድ ቆዳ ፋቂ ግቢ ነበር፤ ሽታው ወታደር አያስጠጋም። ከመካከላቸው አንዱን በሩቅ ተከትሎ ገባና «አምኛለሁ፤ አጥምቁኝ» አላቸው።

ማንም ንቅንቅ አላለም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ በፊት አንዱ አማኝ መስሎ ገብቶ ስንቱን አሲዟል! በዚህ የተነሣ ሥርዓት አውጥተው ነበር። የሚጠመቅ ሰው ሁሉ ዋስ ይጠራል። ዋሱ ሰውየውን በደንብ የሚያውቅ መሆን አለበት፤ በጉባኤው ፊት ቀኝ እጁን አንሥቶ «አውቀዋለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» ይላል።

«ዋስህን ጥራ» አለው የጉባኤው አለቃ።

ሰውየው ዙሪያውን ተመለከተ። ከሚያውቁት ሰዎች ግማሾቹ በገዥው ቤት ሆነው ራሱን እየፈለጉት ነው። የቀሩት ፊቱ ተቀምጠዋል፤ ያወቁት ግን በአለንጋው ነው። አንገቱን ደፋ።

«ዋስ የለኝም» አለ።

ወንድሟን ያሰረባት አንዲት ሴት፣ «ጅብ እንኳ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ሄዶ ነው» አለች። ሰውየው ወደ በሩ ዞረ። ከበሩ ውጭ ሞት እንደሚጠብቀው ያውቃል፤ ቢሆንም በሴትዮዋ አልፈረደባትም።

ይኼኔ የግቢው ባለቤት፣ ሽማግሌው ቆዳ ፋቂ፣ ከጥግ ተነሣ።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለ። «ከሁላችሁም አብልጬ አውቀዋለሁ። እስክፈታ ድረስ ክረምቱን ሙሉ እሥር ቤት ሲገርፈኝ ነው የከረመው። ‹ነገ ጠዋት መጥቼ እገርፍሃለሁ› ካለኝ፣ ዶፍ ቢወርድ እንኳ አርፍዶ አያውቅም። ‹አምላክህን እጠላዋለሁ› ሲለኝም ከልቡ ነበር፤ ጀርባዬ ይመስክር። ይኼ ሰው ያላመነበትን ነገር ሲያደርግ አላየሁም። አምኛለሁ ካለ፣ አምኗል።»

መጀመሪያ አንዱ አፉን ይዞ ሳቀ፤ ቀጥሎ ግቢው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ፍርሃት ብዙ ጊዜ ይዟቸው የኖሩ ሰዎች ሳቅ ነበር፤ ቶሎ አላቆመም።

«እንግዲያው እጅዎን ያንሡ፣ አባባ» አለ አለቃው።

ሽማግሌው ወደ አሳዳጁ ተጠጋ። «ቀኝ እጄ ካንተ አለንጋ ወዲህ ወደ ላይ አልሄድ ብሎኛል። ና፣ አንሣልኝ» አለው።

ሰውየው ክንዱን ያዘና እንቁላል እንደያዘ ሰው ቀስ አድርጎ አነሣው። ሽማግሌው ሕመሙን ጥርሱን ነክሶ ቻለ። «አውቀዋለሁ፤ ዋሱ እኔ ነኝ» አለ። ያን ጊዜ አሳዳጁ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ፤ ደረቱ ላይ ተጭኖት የከረመው ነገር ሁሉ ወረደለት። ያቺ ሴትም ጥቂት አኩርፋ ቆየችና፣ ከእንስራዎቹ ሁሉ ቀዝቃዛውን መርጣ የጥምቀቱን ውኃ ቀዳችለት።

ልጄ፣ የባልሽ ወንድም በሃይማኖትሽ ምክንያት ገፍትሮ ከቤት አስወጣሽ፤ ዛሬ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ቆሞ «አስተምሩኝ» ይላል። «ከልቡ መሆኑን በምን እናውቃለን፣ አባ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እርሺው አልልሽም። የሽማግሌውም ትከሻ እስኪሞት አልዳነም። ግን ያ አሳዳጅ ከተገረፈው ሰው ሌላ ምስክር እንዳልነበረው ሁሉ፣ ይኼንም ሰው ከእኛ መካከል ካንቺ ሌላ የሚያውቀው የለም። ሲገፈትርሽ ዓይኑን አይተሻል። ሂጂ፣ ዛሬም ዓይኑን እይና ያየሽውን ንገሪን፤ ያልሽውን እንቀበላለን። እኔን አትጠይቂኝ፤ እኔን ገፍትሮኝ አያውቅም።