ከመጽሐፉ የተሰረዘችው መስመር

ይህን የነገረችኝ ወፍጮ ቤቱ አጠገብ የምትኖረው እትዬ ስመኝ ናት። እሷ ነገር አትጨምርም፤ ብትጨምርም እንደ ጨው ነው።

አንድ ለልጆች የሳይንስ መጽሐፍ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ አስናቀ ይባላል። ስለ ጉንዳን ጻፈ፣ ስለ ጨረቃ ጻፈ። ልጆቹ እንደ ዳዊት ደገሙለት። እናቶች ሳይቀሩ "መጽሐፉ ካለ አለ ነው" ይሉ ጀመር።

ቀጥሎ ስለ መብረቅ ጻፈ። ሲያጉረመርም ከኮረብታ ውረዱ፣ ብረት ጣሉ፣ ዛፍ ሥር አትጠለሉ አለ። ከመታተሙ በፊት ግን ለመንደሩ ሽማግሌ፣ ለአቶ ውብሸት፣ አነበበላቸው። መንደሩ የሚታረቀው ትልቁ ዋርካ ሥር ነው፤ ዝናብ ሲመጣም የሚጠለለው እዚያው።

"ዋርካችንን ልትሰድብ ነው እንግዲህ?" አሉት።

"ኧረ ጋሼ፣ ዛፍን ሁሉ ነው።"

"እናትህስ እንዴት ናት? አሁንም አልጋ ላይ ናት አሉ።" ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "የእድሩ ዳኛ ማን እንደሆነ መቼም አትረሳም።"

አስናቀ ወረቀቱን አጥፎ ተነሣ። ቤቱ ገብቶ ያቺን የዛፍ መስመር ሰረዛት። የቀረው እንዳለ ታተመ።

የጎረቤቱ ልጅ ትርንጎ አንብባ እንደጨረሰች በአጥሩ ብቅ አለች። "ጋሼ አስናቀ፣ ዋርካው ሥር መጠለልስ?"

ዓይኗን ማየት አልቻለም። "መጽሐፉ ያለውን ያዢ" አላት።

ከዚያ ወዲህ ሰማይ በጠቆረ ቁጥር ጉርሻው ከአፉ ይመለሳል። "አንተ ሰውዬ፣ መብረቁ የገባው መጽሐፉ ውስጥ ነው ሆድህ ውስጥ?" ትለዋለች ሚስቱ። ነገ እናገራለሁ ይላል፤ ነገም ነገ ይላል።

ሐምሌ ላይ ልጆቹ ኮረብታው ላይ እንጨት ሲለቅሙ ዝናብ ያዛቸው። ትርንጎ ትልቋ ነበረች። እንደ መጽሐፉ ቃል ገጀራውን አስጣለቻቸው፣ ከኮረብታው አወረደቻቸው፤ ከዚያ ሁሉም ዋርካው ሥር ገቡ።

አስናቀ ከደጁ አያቸው። "ውጡ! ከዛፉ ሥር ውጡ!" እያለ ሮጠ። ጭቃው እግሩን ያዘው።

"መጽሐፉ እኮ አልከለከለም፣ ጋሼ" አለች ትርንጎ በዝናቡ ውስጥ።

"እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ሰው ፈርቼ ነው።"

ትርንጎ ትንንሾቹን እየገፋች ማስወጣት ጀመረች፤ እሷ የመጨረሻዋ ነበረች። ሰማዩ ድንገት ነጭ ሆነ።

ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ፍርሃቱ የለቀቀው ይመስለዋል፤ ለሚያምነው ልጅ አወረሰው እንጂ መች ለቀቀው። አዋቂ ባይዋሽም፣ ዝም ያለባት ቦታ ላይ ሰው ይጠለልባታል። እናንተስ፣ ማንን ላለማስቀየም ዝም ብላችኋል? እዚያስ ሥር ማን ቆሟል?

ዋርካው ለሁለት ተሰነጠቀ። አቶ ውብሸት አሁን የሚያስታርቁት በረንዳቸው ላይ ነው። የአስናቀን እናት ቀናቸው ሲደርስ እድሩ እንደ ወጉ ቀበራቸው። ትርንጎ ተርፋለች፤ ግራ ጆሮዋ ግን አይሰማም። አስናቀ በየትምህርት ቤቱ እየዞረ፣ በታተመው መጽሐፍ ሁሉ ላይ ያቺን መስመር በእጁ ይጽፋል።